በቡክሱስ ቅጥር ፋንታ ስለሚተከለው ስለ ጃፓን ሆሊ የተሰጠ ምክር

ግቢን በሕያው ተክል ማጠር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። የድንጋይ ካብ ይፈርሳል፤ የእንጨት አጥርም በምስጥ ይበላል፤ በሚገባ የተተከለና በየጊዜው የተከረከመ የተክል ቅጥር ግን ዕድሜው በጨመረ ቍጥር እየጠነከረና እያማረ ይሄዳል። በአውሮፓ አገሮች በቤተ መንግሥት፥ በገዳምና በባለርስት ግቢ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተመረጠው ቡክሱስ የሚባለው ቍጥቋጦ ነበር። ይህ ተክል ግን ባለፉት 30 ዓመታት ገደማ ውስጥ በሁለት መቅሠፍት ተመትቶ ብዙ ያማረ ቅጥር ወደ ደረቅ ጭራሮ ተለውጧል። ከዚህም የተነሣ በርሱ ፋንታ የሚተከል፥ ቅጠሉ የማይረግፍና መልኩም ቡክሱስን የሚመስል ሌላ ተክል ሲፈለግ የብዙዎች ዓይን በጃፓን ሆሊ ላይ አርፏል።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ሲሆን ለአገረ ገዥዎች፥ ለባለርስቶችና ለወረዳ ሹማምንት መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። የመሥሪያ ቤት ግቢ የሚያስተክል፥ ለችግኝ መግዣ ገንዘብ የሚፈቅድ፥ ችግኝም ከውጭ አገር እንዲመጣ በፊርማው የሚያጸና ሹም ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ያገኛል። አንደኛው፥ በሽታ ከችግኝ ጋር ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ሁለተኛውም፥ የሞተውን ተክል በሌላ ለመተካት የሚቸኵል ሰው መሬቱን አስቀድሞ ካልመረመረ ሁለተኛ ኪሳራ እንደሚያገኘው ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ስለ ቡክሱስና ስላገኘው መቅሠፍት

ቡክሱስ ቅጠሉ ጥቃቅን፥ እድገቱ ዝግተኛ፥ ዕድሜው ረጅም የሆነ ቍጥቋጦ ነው። እንጨቱ እጅግ ጠንካራና ከባድ ከመሆኑ የተነሣ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ፀሐዩንም ጥላውንም ይችላል፤ ኖራ በበዛበት መሬት ላይ ያለ ችግር ይበቅላል፤ መቀስ ሲነካውም ከአሮጌው ግንድ ሳይቀር እንደገና ያቈጠቍጣል። ታናሹ ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ከ1900 ዓመት በፊት ገደማ ስለ ቶስካና ርስቱ በጻፈው ደብዳቤ፥ በግቢው ውስጥ በአራዊት መልክና በፊደል ቅርጽ የተከረከመ ቡክሱስ እንደ ነበረው ተርኳል። በ17ኛው መቶ ዘመንም አንድሬ ለኖትር የቬርሳይን አትክልት ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሲያበጅ፥ በመሬት ላይ እንደ ጥልፍ የሚታየው ጌጥ የተሠራው በዚሁ በቡክሱስ ነው።

የመጀመሪያው መቅሠፍት የሻጋታ ዓይነት በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መካከል በእንግሊዝ አገር ታይቶ፥ ቀስ በቀስ በአውሮፓ ሁሉ ተስፋፋ፤ በ2011 ደግሞ በአሜሪካ መኖሩ ተረጋገጠ። በሽታው ሲይዘው በቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፥ በቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ላይም ጥቍር መሥመር ይታያል፤ ከዚያም ቅጠሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል። የበሽታው ዘር ተጣባቂ ስለ ሆነ በሚፈናጠቅ ውሃ፥ በመቀስ፥ በሠራተኛ ልብስና በጫማ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። በረገፈው ቅጠል ውስጥም ተሸሽጎ ለዓመታት በመሬት ላይ ይቈያል። ቡክሱስ ለቅጥር የሚወደድበት ዋናው ጠባዩ፥ ማለት ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ነፋስ የማያሳልፍ መሆኑ፥ ርጥበቱን ይዞ በማቈየት ለዚህ በሽታ ምቹ ማደሪያ ሆነለት።

ሁለተኛው መቅሠፍት በምሥራቅ እስያ የተፈጠረ የእሳት እራት ነው። ይህ ነፍሳት በ2007 በጀርመን አገር ተገኘ፤ የመጣውም ከእስያ ከተጫነ የቡክሱስ ችግኝ ጋር እንደ ሆነ ይታመናል። ጉዳት የሚያደርሰው የሚበረው እራት ሳይሆን አባጨጓሬው ነው፤ መልኩ አረንጓዴ ሆኖ ጥቍርና ነጭ መሥመር አለበት። አባጨጓሬው ቅጠሉን በልቶ ሲጨርስ የቅርንጫፉን ልጥ ይልጣል፤ በዚህም ጊዜ ተክሉ ፈጽሞ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው በካውካሰስ ተራሮች የሆነው ነው። በ2014 በሶቺ ከተማ ለሚደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በዓል አደባባዩን ለማስጌጥ ሲባል፥ በ2012 ከኢጣልያ የመጣ የቡክሱስ ችግኝ አባጨጓሬውን ይዞት ገባ። ነፍሳቱ ከከተማው አትክልት ወጥቶ በዚያ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ይበቅል ወደ ነበረው የቡክሱስ ደን ተሻገረ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ደኑን በብዙ ስፍራ አደረቀው፤ ከዚያም አልፎ ወደ ጆርጂያ ደኖች ደረሰ። ለጥቂት ሳምንት በዓል ጌጥ ተብሎ የመጣ ችግኝ፥ ለዘመናት የቆመውን ደን አጠፋ ማለት ነው። ችግኝ ወደ ግዛቱ ሲገባ የመቈጣጠር ኀላፊነት ያለበት ሹም ይህን ነገር ሊዘነጋው አይገባም።

ስለ ጃፓን ሆሊ ጠባይና መልክ

የጃፓን ሆሊ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ኢሌክስ ክሬናታ ይባላል። ይህን ስም ያወጣለት ቱንበርግ የተባለው የስዊድን ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ነው፤ እርሱም በጃፓን ተቀምጦ አገሩን ከመረመረ በኋላ የዚያን ምድር ዕፀዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1784 አሳትሟል። ተክሉ በጃፓን፥ በኮሪያና በምሥራቅ ቻይና በራሱ ይበቅላል። ጃፓኖች ኢኑጹጌ ይሉታል፤ ጹጌ ማለት ቡክሱስ ነው፤ ኢኑ ማለትም ውሻ ነው። ስሙ የተሰጠው ለንቀት ነው፤ የእውነተኛው ጹጌ እንጨት ለማበጠሪያና ለማኅተም የሚፈለግ ሲሆን፥ የዚህኛው እንጨት ግን ያን ያህል ዋጋ ስለሌለው ነው። በእንጨቱ ቢናቅም በአትክልትነቱ አልተናቀም፤ የጃፓን አትክልተኞች ለቅጥርና እንደ ደመና ድብልብል አድርገው ለሚከረክሙት የግቢ ዛፍ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ቅጠሉ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፥ ጥቍር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው። አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው። ወንዱና ሴቱ በተለያየ ተክል ላይ ስለሚገኙ ፍሬ የምታፈራው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ፍሬውም እንደ በርበሬ ቍንዶ የሚያህል ጥቍር ድብልብል ሲሆን ወፎች ይበሉታል፤ ለሰው ግን ምግብ አይደለም። ካልተከረከመ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቁመት ይደርሳል። በአውሮፓ ያለውን ብርቱ ውርጭም በደኅና ይችላል።

ከቡክሱስ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ነጋዴ አንዱን በሌላው ስም እንዳይሸጥ መለያውን ማወቅ ይጠቅማል። የቡክሱስ ቅጠል በቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ጠርዙም ልስልስ ነው። የጃፓን ሆሊ ቅጠል ግን አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እየተፈራረቀ ይበቅላል፤ ጠርዙም በጥንቃቄ ሲታይ እንደ ጥቃቅን መጋዝ ጥርስ ያለበት ነው። ቅርንጫፍ ቈርጦ ይህን የተመለከተ ሰው አይታለልም።

ዋናው ጥቅሙ ግን ይህ ነው፤ ዘሩ ከቡክሱስ ዘር ጋር የማይገናኝ ስለ ሆነ ያ የሻጋታ በሽታ አይዘውም፤ በቡክሱስ ላይ የሚኖረው አባጨጓሬም ቅጥሩን አያጠፋውም። በሆላንድ አገር በአፐልዶርን አጠገብ የሚገኘው የሄት ሎ ቤተ መንግሥት ለዚህ ምስክር ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1680ዎቹ ለዊልያም 3ኛ የተሠራ ሲሆን፥ አትክልቱ በኋላ ዘመን ጠፍቶ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደ ጥንቱ ሆኖ ታድሷል። ነገር ግን የጥልፍ ጌጡ የተሠራበት ቡክሱስ በበሽታው በመመታቱ፥ ጠባቂዎቹ ቡክሱሱን ነቅለው የጃፓን ሆሊ ተከሉበት። አሁን ጎብኚ ከላይ ሆኖ ሲመለከት የሚያየው ያንኑ የ17ኛውን መቶ ዘመን ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ ያ አገር በአሸዋማና በኮምጣጣ አፈሩ የታወቀ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የምንናገረው ቁም ነገር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ስለ መሬቱ ምርመራ

የጃፓን ሆሊ የቡክሱስን መልክ ይወርሳል እንጂ ትዕግሥቱን አይወርስም። ቡክሱስ ኖራ የበዛበትን መሬት ይወዳል፤ የጃፓን ሆሊ ግን ኮምጣጣ አፈር ይፈልጋል። ኖራ በበዛበት ስፍራ የተተከለ እንደ ሆነ ቅጠሉ ይገረጣል፥ እድገቱ ይቆማል፥ በመጨረሻም ይደርቃል። እንግዲህ ቡክሱስ ለመቶ ዓመት ደስ ብሎት የኖረበት መሬት ለጃፓን ሆሊ የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ የድሮው ቅጥር በቆመበት ቦይ ውስጥ አዲሱን ችግኝ በማግሥቱ ይተክሉና በሁለት ዓመት ውስጥ ገንዘባቸውንም ድካማቸውንም ያጣሉ።

ስለ ውሃም ሁለቱን ጫፍ አይወድም። ሥሩ በላይኛው አፈር ላይ የሚሰራጭ ስለ ሆነ ድርቅ ፈጥኖ ይጎዳዋል፤ አንድ ጊዜ ጨርሶ የደረቀ ችግኝ ቢያጠጡትም የሚያገግመው በጭንቅ ነው። በሌላው በኩል ውሃ የሚያቍር ከባድ ጭቃ መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከዚህም በቀር ሥሩን የሚያጠቍር የራሱ የሆነ የሻጋታ በሽታ አለው፤ ይህ በሽታ የገባበት ተክል ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፥ ይቀጭጫል፥ ሲነቀልም ሥሩ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ጥቋቍር ሆኖ ይገኛል። በሽታው ኮምጣጣነቱ በቀነሰ አፈር ላይ ይበልጥ ስለሚበረታ፥ ለተክሉ የማይስማማው መሬት ለጠላቱ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ችግኝ ከመታዘዙ አስቀድሞ የሚከተለው ምርመራ ይደረግ።

1ኛ፤ ከቅጥሩ መሥመር ከሦስት ወይም ከአራት ስፍራ አፈር ተወስዶ የኮምጣጣነቱ ልክ በአፈር መመርመሪያ ቤት ይታይ። ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ5 እስከ 6 ተኩል ድረስ የተገኘ እንደ ሆነ መሬቱ ይስማማል፤ ከ7 በላይ ከሆነ ግን ሌላ ተክል መፈለግ ይሻላል። መመርመሪያ ቤት ከሩቅ በሆነበት ስፍራ በደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ጥቂት ያስረዳል፤ አፈሩ አረፋ አውጥቶ ቢፈላ ኖራ እንዳለበት ያሳያል። ባይፈላ ግን ያ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንምና ምርመራው አይቅር።

2ኛ፤ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ጕድጓድ ተቈፍሮ በውሃ ይሞላ። ውሃው በማግሥቱ ሳይሰርግ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይ መደቡን ከፍ አድርጎ ማበጀት፥ ወይ የውሃ መውረጃ ማውጣት፥ አለዚያም አሳቡን መተው ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ብዙ ቅጥር የሚተከል ከሆነ፥ አስቀድሞ 10 ወይም 20 ችግኝ በተለያየ ስፍራ ተተክሎ አንድ ዓመት ይታይ። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ዝቅተኛ ቅጥር በአንድ ሜትር 5 ችግኝ ሲተከልበት 500 ችግኝ ይፈጃል። በ20 ችግኝ የሚታወቀውን ነገር በ500 ችግኝ ለማወቅ መነሣት ብልኅነት አይደለም፤ «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለ አተካከሉና ስለ አጠባበቁ

በበሽታ የሞተ ቡክሱስ በነበረበት ስፍራ የሚተከል ሲሆን፥ አሮጌው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ የረገፈውም ቅጠል ተጠርጎ ይቃጠል። ይህ የሚደረገው ለሆሊው ሲባል ሳይሆን፥ በአቅራቢያው የቀረ ጤነኛ ቡክሱስ ካለ እንዳይለከፍ ነው። መቀሱና መቈፈሪያውም ታጥቦ ይጽዳ።

ለሚተከለው ችግኝ ቦዩ ሰፋ ብሎ ይቈፈር፤ አፈሩም ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ይቀላቀል። በአንዳንድ ስፍራ እንደሚለመደው አመድ መጨመር አይገባም፤ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያጠፋልና። ለዝቅተኛ ቅጥር በችግኝና በችግኝ መካከል ያለው ርቀት ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፥ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ለሚኖረው ቅጥር ግን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ችግኙ በነበረበት ዕቃ ውስጥ ከነበረው ጥልቀት ይልቅ ጠልቆ አይቀበር። ከተተከለ በኋላ የበሰበሰ ቅጠል ወይም የዛፍ ልጥ ይጐዝጐዝበት፤ ጕዝጓዙ ርጥበት ይጠብቃል፥ ሥሩንም ከሙቀት ይከላከላል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ትንሽ ይራቅ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የድርቅ ወራት ሲመጣ ሳይቋረጥ ይጠጣ፤ የጕድጓዱ ውሃ ኖራ የበዛበት ከሆነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይሻላል።

ክርከማው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። በአውሮፓ አትክልተኞች የሚከረክሙት አዲሱ ቅጠል ከጠና በኋላ በሰኔ፥ ሁለተኛም በነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ የተከረከመ እንደ ሆነ የሚያቈጠቍጠው ለጋ ቅጠል በውርጭ ይመታል። በጠራራ ፀሐይ ከመከርከም ደመና ባለበት ቀን መከርከም ይመረጣል። የቅጥሩ እግር ሰፋ፥ ራሱ ጠበብ ብሎ ይከርከም፤ እንዲህ ሲሆን ብርሃን እስከ ታች ይደርስና እግሩ አይራቈትም። ሙቀትና ደረቅ ነፋስ በበረታ ጊዜ ቅጠሉን የሚመጥ ጥቃቅን ቀይ ሸረሪት መሰል ተባይ ስለሚነሣ፥ ቅጠሉ ተገልብጦ ይታይ።

ችግኝ ለማብዛት ዘሩን መዝራት ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እስኪበቅል አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊቈይ ይችላልና። የሚሻለው በመካከለኛው የሙቀት ወራት በከፊል የጠናውን ለጋ ቅርንጫፍ ጣት በሚያህል ርዝመት ቈርጦ፥ አሸዋ በበዛበት ርጥብ መደብ ላይ በጥላ ሥር መትከል ነው፤ ሥር ማውጣቱ አያስቸግርም። እንዲህ የተገኘው ችግኝ ከእናቱ መልክ ስለማይለይ ቅጥሩ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ዓይነቱም ብዙ ስለ ሆነ እንደ ሥራው ይመረጥ። ኮንቬክሳ የሚባለው ቅጠሉ እንደ ተገለበጠ ማንኪያ የጐበጠና ቡክሱስን አጥብቆ የሚመስል ነው፤ ሄለሪ የሚባለው ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ነው፤ ዳርክ ግሪን የሚባለው ለተከረከመ ቅጥር ይመረጣል። ስካይ ፔንስል የሚባለው ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ለብቻው ይተከላል እንጂ ለዝቅተኛ ቅጥር አይሆንም።

ማጠቃለያ

የተባለውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፥ መሬቱ ኮምጣጣ፥ ውሃ የማያቍርና በድርቅ ጊዜ ውሃ የሚያገኝ ከሆነ የጃፓን ሆሊ በቡክሱስ ፋንታ የሚታመን ተክል ነው። መሬቱ ኖራ የበዛበት ከሆነ ግን በግድ አይተከል፤ ለእንዲህ ያለው መሬት በአውሮፓ ታክሱስ የሚባለው ዛፍ ይሻላል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ከብትን የሚገድል መርዝ ስላለው የግጦሽ ዳር አይተከልም። ቡክሱሱም ገና ጤነኛ የሆነለት ሰው በፍርሃት አይንቀለው፤ ነቅቶ ይጠብቀው እንጂ። በቤልጅግ አገር የሻጋታውን በሽታ ይበልጥ የሚቋቋሙ የቡክሱስ ዝርያዎች ተዳቅለው ወጥተዋል፤ አባጨጓሬው ግን እነርሱንም ስለሚበላ ጥበቃው አይቀርም።

ደግሞም ሁሉን ቅጥር በአንድ ተክል ብቻ ማድረግ የሚያስከትለውን አደጋ የቡክሱስ ታሪክ አስተምሮናል። በአንድ ግቢ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ተክል ቢኖር አንዱ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። በአገራችንም ኮሽምና ጥድ ለአጥር ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ከጃፓን ሆሊ ጋር በዘር የሚዛመድ፥ ኢሌክስ ሚቲስ የሚባል ዛፍም በደጋ ደኖቻችን ውስጥ ይበቅላል። ከውጭ የሚመጣ ችግኝ በሽታ ይዞ ቢገባ የሚያሰጋው ለግቢያችን ጌጥ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ላሉት ዘመዶቹም ጭምር ነው።

ስለዚህ ከውጭ አገር ችግኝ የሚያስመጣ ሁሉ የጤና ማስረጃው የተሟላ፥ በዕፀዋት ኳራንቲን ሠራተኞችም የተመረመረ መሆኑን ሳያረጋግጥ ከጕምሩክ እንዳያስወጣ፤ የመጣውም ችግኝ ወዲያው ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ተቀምጦ ይታይ። ይህን ማድረግ የጥቂት ሳምንት መዘግየት ያመጣል። በሶቺ የቀረው ግን ይኸው የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነበር፤ ዋጋውንም የከፈለው ደኑ ነው።